ዓጻዌ ኆኅት፦ ስለ አንጀት ቅጽር፣ ስለ ማስታገሻ ኪኒንና ስለ ትምባሆ

ከሽሮ ሜዳ ገበያ ተነሥቶ የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ መንገደኛ፣ ግራና ቀኝ የቆመውን የባሕር ዛፍ ሽታ እየማገ፣ ትንፋሹ እያጠረ ከተራራው አናት ሲደርስ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉባትን የእንጦጦ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ስምንት ማዕዘን ሆና የታነጸችው ይህች ደብር እንደ ብዙዎቹ የቀድሞ አብያተ ክርስቲያናት በውጭ በቅጽር የተከበበች ስትሆን፣ ውስጧም ከዳር ወደ መካከል ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት የተከፈለ ነው፤ መዘምራኑ የሚቆሙበት ስፍራ ሌላ፣ ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉት ምእመናን የሚቆሙበት ሌላ፣ ከተቀደሱት አገልጋዮች በቀር ማንም የማይገባበት ደግሞ ሌላ ነው። በየደጁም ማን እንደሚገባና ማን በውጭ እንደሚቀር የሚያውቅ ጠባቂ ነበረ፤ እርሱንም አባቶቻችን በግእዝ ዓጻዌ ኆኅት፣ ማለት ደጅ የሚዘጋ፣ ብለው ሰየሙት።

የሰውን አንጀት ነገር ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መጀመሬ የከበረውን ከተዋረደው ጋር ለማስተካከል እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል። የአንጀታችንን ግድግዳ አሠራር ለማስረዳት ብዙ ምሳሌ ፈልጌ ከዚህ የሚቀርብና ለእኛ ሰው ዓይን የሚታይ ሌላ ስላላገኘሁ ነው፤ ደግሞም የዘመኑ ሊቃውንት ሳያውቁት ከአባቶቻችን ቃል ጋር የተገናኙበት አንድ ነገር ስላለ ነው፤ ወደ እርሱ እንደርሳለን።

የምንበላው እንጀራ ከጉሮሮ ወርዶ በአንጀታችን ውስጥ ሲጓዝ ገና ወደ ሰውነታችን አልገባም። ከአፍ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የተዘረጋው ይህ ቱቦ በመካከላችን የሚያልፍ የውጭ ዓለም ነው፤ እህሉ ተፈጭቶና ቀልጦ ግድግዳውን አልፎ ወደ ደም ሲደርስ ያን ጊዜ ብቻ ገባ ይባላል። ትንሹ አንጀት ብቻውን ርዝመቱ ወደ 6 ሜትር ይጠጋል፤ እጥፋቱና እንደ ጋቢ ዘርፍ የሚወዛወዙት ጥቃቅን ጣቶቹ ሁሉ ተዘርግተው ቢለኩ ደግሞ፣ የስዊድን ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት መሠረት፣ የምግብ መንገዱ ጠቅላላ ስፋት ወደ 32 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከዚያ በፊት በመጻሕፍት ሁሉ የቴኒስ ሜዳ ያህላል እየተባለ ይጻፍ ነበር፤ ቁጥሩ ቢያንስም ቅሉ ይህ ከቆዳችን ስፋት እጅግ ይበልጣል። በዚህ ቱቦ ውስጥ፣ ይልቁንም በትልቁ አንጀት፣ የሚያድሩት ባክቴሪያዎች በአንድ አዋቂ ሰው ወደ 38 ትሪሊዮን ይገመታሉ። ከእንጦጦ ግርጌ በጉለሌ አንድ ሰፈር እስከ ዛሬ ፓስተር ተብሎ የሚጠራው በዚያ በተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት ምክንያት ነውና፣ የማይታዩት ፍጥረታት ነገር ለጉለሌ ሰው እንግዳ አይሆንም ብዬ አምናለሁ።

በእነዚህ አእላፋትና በደማችን መካከል የቆመው ቅጽር ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ከአንዲት የራስ ጠጉር የሚቀጥን ማለት ነው። ስለሆነም ፈጣሪ ይህን ስስ ግድግዳ ራቁቱን አልተወውም። በውጭ በኩል፣ በቅኔ ማኅሌቱ ማለት ነው፣ እንደ ተልባ ውኃ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ይለብሰዋል፤ ባክቴሪያዎቹ በዚህ ልባስ ላይኛው ክፍል ይኖራሉ እንጂ ወደ ሕዋሳቱ እንዲጠጉ አይፈቀድላቸውም። ቀጥሎ፣ በቅድስቱ፣ ሕዋሳቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቆማሉ፤ በሁለት ሕዋሳት መካከል ያለችውንም ቀዳዳ እንደ ስፌት የሚያያይዙ ፕሮቲኖች ይጠብቋታል። በጃፓን ሾይቺሮ ጹኪታ የተባሉት ሊቅና ባልደረቦቻቸው ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱን በ1993 እ.ኤ.አ. አግኝተው ኦክሉዲን አሉት፤ በ1998 ደግሞ ሌሎቹን አግኝተው ክላውዲን አሏቸው፤ ሁለቱም ስሞች መዝጋት ከሚል የላቲን ቃል የወጡ ናቸው። ግእዝ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ዐጸወ፣ ማለት ዘጋ፣ የሚለው ግስ ወዲያው ትዝ ይለዋል፤ በጃፓን ቤተ ሙከራ የተገኘው ፕሮቲን ስሙ ቢተረጎም ዓጻዌ ኆኅት ነው። ከሕዋሳቱ በስተ ኋላ ደግሞ የሰውነታችን መከላከያ ሠራዊት ሰፍሮ ሾልኮ ያለፈውን ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ደሙ ነው፤ መቅደሱ እርሱ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ነው፤ የግድግዳው ሕዋሳት ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ቅጽሩ በየሳምንቱ ፈርሶ ይታነጻል፤ ያለማቋረጥም የሚያንጸው እጅ አለ።

አሁን ወደ መንገዱ ልመለስ። የእንጦጦን ዳገት የሚያውቅ ሁሉ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያውቃል። ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ተራራውን ካለበሰ ጀምሮ የአዲስ አበባ ምድጃ በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ላይ ሲነድ ኖሯል፤ ሸክሙም ከተሸካሚዋ ቁመት የሚረዝም፣ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ከገዛ ሰውነቷ ጋር የሚቀራረብ ነው። በአንድ የበጋ ረቡዕ ከቀትር በፊት፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት እናት ሸክማቸውን በመንገዱ ዳር ካለ ክትር አስደግፈው፣ ገመዱን ከደረታቸው ሳይፈቱ ሲያርፉ አገኘኋቸው፤ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንዲት ኪኒን አወጡና ከኮዳ ውኃ ጋር ዋጡ። «እናቴ፣ ምን ያመዎታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «የወገብ ነው ልጄ፤ ቁርጥማትም አለኝ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ እወስዳለሁ፤ ሲብስብኝ ሁለት ነው» አሉኝ። ማሸጊያውን አሳዩኝ፤ ዳይክሎፌናክ ነበረ። ቀኑ የጾም ቀን ነበርና እህል ገና አልቀመሱም። አንጀትን አስሮ መሥራት የሚለው የአማርኛችን አነጋገር የማንን ኑሮ እንደሚገልጽ ያን ቀን በዓይኔ አየሁ፤ ይህን ምዕራፍም ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ቀን ነው።

የዚህች ኪኒን ወገን ብዙ ነው። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሲን፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሕመምን ከማስታገሥ ሌላ ብግነትን ያበርዳሉና። የበኩር ልጁ አስፕሪን ነው፤ በ1763 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ስቶን የተባሉ የእንግሊዝ ቄስ የአኻያ ዛፍ ቅርፊት ንዳድን እንደሚያበርድ ጽፈው ነበር፤ ከዚያም በ1897 ፌሊክስ ሆፍማን በጀርመኑ ባየር ቤት አስፕሪንን በንጹሕ መልኩ ሠራ፣ በ1899ም ለገበያ ቀረበ። ዓለም ይህን መድኃኒት ከሰባ ዓመት በላይ ሲውጥ እንዴት እንደሚሠራ ግን አያውቅም ነበር። ምስጢሩን የገለጡት ጆን ቬን ናቸው፤ በ1971 በለንደን እነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዳይሠራ እንደሚያግዱ አስረዱ፤ ስለዚህም በ1982 ከስዊድናውያኑ ከሱኔ ቤርግስትሮምና ከቤንግት ሳሙኤልሶን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው በዚህ በፕሮስታግላንዲን ነው። ወገባችን ሲጎዳ፣ ጉልበታችን ሲያብጥ፣ የቆሰለው ስፍራ ይህን ንጥረ ነገር አመንጭቶ ነርቮቹን ያነቃል፤ ሕመም ብለን የምንጠራው ጩኸት የሚበረታው በእርሱ ነው። ነገር ግን ያው ንጥረ ነገር በጨጓራና በአንጀት ውስጥ ሌላ ሹመት አለው፦ ዝልግልጉ ልባስ እንዲመነጭ፣ አሲዱን የሚያረክሰው ባይካርቦኔት እንዲፈስ፣ ደም ወደ ግድግዳው በብዛት እንዲደርስ፣ የሞቱት ሕዋሳት በአዲስ እንዲተኩ የሚያዘው እርሱ ነው። አንዱ መልእክተኛ በወገብ ላይ ጩኸት አሰሚ፣ በአንጀት ላይ የቅጽር አናጺ ሆኖ ተሹሟል። መድኃኒቱ ወደ ደም ገብቶ ጩኸቱን ዝም ሲያሰኝ አናጺውንም ዝም ያሰኘዋል፤ የትኛውን አፍ እንደሚዘጋ ለይቶ የሚያውቅበት አእምሮ የለውምና። በ1938 እ.ኤ.አ. ዳውትዌይትና ሊንቶት የተባሉ ሁለት የለንደን ሐኪሞች በመመልከቻ ቱቦ የሕመምተኞችን ጨጓራ አይተው አስፕሪን ያረፈበት ስፍራ ቀልቶና ደምቶ እንደሚገኝ መስክረው ነበር፤ ምክንያቱ የታወቀው ግን ከ33 ዓመት በኋላ ነው።

ብዙ ሰው ኪኒንን ከምግብ በኋላ መውሰድ ጉዳቱን ፈጽሞ የሚያስቀረው ይመስለዋል። ምግቡ ኪኒኑ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አርፎ የሚያቃጥለውን ማቃጠል ሊያበርድ ይችላል፤ ከደም ዞሮ የሚመጣውን ጉዳት ግን አይመልስም፤ ለዚህም ምስክሩ በመርፌ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ ራሱ ጨጓራን ማቁሰሉ ነው። በእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ባላጋራ አለ። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያገኙት፣ በ2005ም ኖቤል የተሸለሙበት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ፣ በኢትዮጵያ የተደረጉት ጥናቶች ተደምረው እንደሚያሳዩት ከሰዉ ግማሽ ያህሉ ጨጓራ ውስጥ ይኖራል። ይህ ባክቴሪያ ያለበት ሰው ማስታገሻውን አዘውትሮ ሲውጥ፣ ሁለቱም ከሌሉበት ሰው ይልቅ የጨጓራ ቁስለት የማግኘቱ ዕድል ወደ 60 ጊዜ እንደሚበልጥ በ2002 የታተመ ሰፊ ጥናት አስልቷል። ጨጓራዬ ነው እያለ በዝምታ የሚኖረው የአገሬ ሰው ብዛት ሲታሰበኝ ይህ ቁጥር እንቅልፍ ይነሣኛል፤ ይልቁንም መድኃኒቱ ሕመምን ስለሚያደነዝዝ ቁስሉ ራሱ ሳይሰማ ሊያድግና፣ ዓይነ ምድር እንደ ሬንጅ ጠቁሮ እስኪወጣ ድረስ ሳይታወቅ ሊቆይ መቻሉ።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ ጨጓራ ነው፤ ይህን የተማረ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ያልተሰማው ከጨጓራ በታች የሚሆነው ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢንግቫር ብያርናሰን የተባሉ አይስላንዳዊ ሐኪም በለንደን የሪህ ሕመምተኞችን አንድ ምልክት የተደረገበት ፈሳሽ እያጠጡ፣ ከአንጀት ሾልኮ ወደ ደም ገብቶ በሽንት የሚወጣውን መጠን ይለኩ ነበር። ጤናማ ቅጽር ከዚህ ፈሳሽ የሚያሳልፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ማስታገሻ የሚወስዱት ሰዎች ግን ከማይወስዱት ይልቅ ብዙ ያሳልፉ ነበር። የሪህ በሽታው ራሱ ሳይሆን መድኃኒቱ የትንሹን አንጀት ደጅ እንደሚያላላ እንዲህ ተገለጠ፤ ይህም መላላት ኪኒኑ በተዋጠ በአንድ ቀን ውስጥ ይታያል።

መንገዱ እንደሚከተለው ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ጉልበቱን የሚያገኘው ማይቶኮንድሪያ ከተባሉ ጥቃቅን ምድጃዎች ነው፤ ዓጻዌ ኆኅቱ ደጁን ገጥሞ የሚይዘውም በዚህ ጉልበት ነው። መድኃኒቱ ወደ ሕዋሱ ሲገባ የምድጃውን ሥራ ያዛባል፤ እሳቱ ይነዳል፣ ጉልበት ግን አይገኝበትም፤ ጉልበት ያጣውም ደጅ ጠባቂ እጁን ያላላል። በዚህ ጊዜ ሐሞቱና ባክቴሪያዎቹ በቀዳዳው ይገባሉ፤ የመከላከያው ሠራዊት ይነሣባቸዋል፤ ብግነት ይሆናል፤ ቁስለት ይከተላል። የባክቴሪያዎቹ ድርሻ የቱን ያህል እንደሆነ በ1977 የታተመ አንድ ሙከራ አሳይቷል፤ ከልደታቸው ጀምሮ ባክቴሪያ እንዳይነካቸው ሆነው ያደጉ አይጦች ኢንዶሜታሲን ሲሰጣቸው አንጀታቸው እንደሌሎቹ አልቆሰለም። ደግሞም ዳይክሎፌናክንና መሰሎቹን ጉበት አስሮ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ሲሸኛቸው፣ በአንጀት ያሉት ባክቴሪያዎች እስራቱን ፈትተው መድኃኒቱን ዳግመኛ ነጻ ያወጡታል፤ እርሱም ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። አንዲት ኪኒን በአንድ ቅጽር ላይ ደጋግማ ታልፋለች ማለት ነው።

በዚህ ዘመን የሚዋጥ ትንሽ ካሜራ መገኘቱ ይህን ሁሉ ለዓይን አቀረበው። በ2005 የታተመ አንድ የለንደን ጥናት 40 ጤነኛ ሰዎችን ለ14 ቀን ዳይክሎፌናክ አስወስዶ፣ ጨጓራቸውም እንዳይጎዳ ኦሜፕራዞል ጨምሮላቸው፣ ካሜራውን ቢያስውጣቸው በ27ቱ ትንሽ አንጀት ላይ ቀድሞ ያልነበረ መላላጥ፣ መቅላት ወይም ቁስል ተገኘ። ኦሜፕራዞል አሲድን የሚቀንስ ነውና ጨጓራንና ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን የአንጀት መጀመሪያ በእርግጥ ይጠብቃል፤ አሲድ ወደማይደርስበት ወደ ታችኛው አንጀት ግን ጥበቃው አይደርስም። በየመድኃኒት ቤቱ ማስታገሻና ኦሜፕራዞል አንድ ላይ ገዝቶ ሁሉን ደጅ ዘጋሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ይህን ቢያውቅ ይበጀዋል። የምግብ መንገዱን እንዳይጎዱ ተብለው የተሠሩት እንደ ሴሌኮክሲብ ያሉ መድኃኒቶች አንጀትን ከቀድሞዎቹ ይልቅ ይራሩለታል፤ ነገር ግን ከወገናቸው አንዱ የሆነው ቫዮክስ ድንገተኛ የልብ ጥቃትን ስለሚያበዛ በ2004 ከገበያ ወጥቷል።

ከእናቶቹ ሌላ እንጦጦን የሚወጡ ሌሎች ሰዎችም አሉ። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው በዚህ አየር፣ ጎህ ሲቀድ በባሕር ዛፉ መካከል የሚሮጡት ወጣቶች የአገራችን የረዥም ርቀት ሩጫ ክብር የተገነባባቸው ናቸው። ሰው በብርቱ ሲሮጥ ደሙ ወደ እግሩ ጡንቻና ወደ ቆዳው ስለሚሄድ ለአንጀቱ የሚቀረው እጅግ ይቀንሳል፤ በዚህም ብቻ ቅጽሩ ለጥቂት ሰዓት ይላላል። በዚህ ላይ ሕመም ሳይጀምር ልቅደመው ብሎ ኢቡፕሮፌን የሚውጥ ሯጭ ምን እንደሚያገኘው የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2012 አሳይተዋል። ከብስክሌት ግልቢያ በፊት ሁለት ጊዜ 400 ሚሊግራም የወሰዱት 9 የሠለጠኑ ወንዶች፣ ሳይወስዱ ከጋለቡበት ቀን ይልቅ አንጀታቸው የበለጠ ተጎድቶ፣ ቅጽሩም የበለጠ ላልቶ ተገኝቷል። በአሜሪካም 160 ኪሎ ሜትር በሚሮጥበት ውድድር ኢቡፕሮፌን የወሰዱት ሯጮች በደማቸው ውስጥ ከባክቴሪያ ቅርፊት የሚወጣው መርዝ ከሌሎቹ በዝቶ ተለክቷል። ስለ እንጨት ተሸካሚ እናቶች እንዲህ ያለ ልኬት ሲደረግ አላየሁም፤ ቢሆንም ሸክም ተሸክሞ ያንን ቁልቁለት መውረድ ከብስክሌት ግልቢያ የሚያንስ ድካም ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር አላምነውም።

አሁን ስለ ትምባሆ ልናገር። በአገራችን ትምባሆ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓይን ሲታይ ኖሯል። በጋያ የሚያጨሰው፣ በሱረት የሚያሸተው ብዙ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያናችን አጥብቃ ስትነቅፈው ኖራለች፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በዘመነ መንግሥታቸው በብርቱ ቅጣት ከልክለውት ነበር። በዘመናችንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5 ከመቶ ያህል ነበሩ፤ ይህም ከብዙ አገሮች ያነሰ ቁጥር ነው። ትምባሆ ጨጓራን ስለመጉዳቱ ክርክር የለም፤ የሚያጨስ ሰው የጨጓራው የደም ዝውውር ይቀንሳል፣ ባይካርቦኔቱም ይጎድላል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። አንጀት ላይ ስንደርስ ግን ሊቃውንቱን ያስጨነቀ እንቆቅልሽ እናገኛለን።

የአንጀት ብግነት በሁለት ዐበይት መልክ ይታያል። አንዱ ክሮን የተባለው ነው፤ ብዙ ጊዜ ትንሹን አንጀት ይይዛል፤ በሚያጨሱ ሰዎች ዘንድ በእጥፍ ያህል ይበዛል፣ ሲይዛቸውም ይከፋል። ሁለተኛው ትልቁን አንጀት ብቻ የሚያቆስለው አልሰረቲቭ ኮላይቲስ ነው፤ በ1982 የታተመ፣ በዌልስ አገር በካርዲፍ የተደረገ ጥናት ይህ በሽታ በአጫሾች ዘንድ ጥቂት፣ በማያጨሱትና በተለይም ትምባሆ በተዉት ዘንድ የበዛ መሆኑን ገለጸ። የዚያው ከተማ ሐኪሞች በ1994 ኒኮቲንን ከጢሱ ለይተው በቆዳ ላይ በሚለጠፍ መድኃኒት መልክ ለ72 ሕመምተኞች አከፋፍለው ሞከሩ፤ ኒኮቲን ካገኙት 35 ሰዎች 17ቱ ፈጽሞ ሲሻላቸው፣ ባዶውን ከለጠፉት 37 ሰዎች የተሻላቸው 9 ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ያው ኒኮቲን የዳነው እንዳያገረሽ ሊጠብቅ ይችል እንደሆነ ሲሞከር ጥቅም አልተገኘበትም። በ2001 ደግሞ በእስራኤል ለአይጦች ኒኮቲን ሰጥተው የመረመሩ ሰዎች በአንድ ዓይነት እንስሳ ላይ የትንሹ አንጀት ብግነት ሲከፋ የትልቁ ሲሻሻል አዩ።

ለዚህ ተቃራኒ ሥራ በከፊል መልስ የሰጠው የነርቭ ነገር ነው። ከአንጎል ተነሥቶ ወደ ልብ፣ ወደ ጨጓራና ወደ አንጀት የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው አሲቲልኮሊን በተባለ ንጥረ ነገር ነው። ኒኮቲን ደግሞ የዚህን መልእክተኛ መልክ ይዞ በእርሱ ወንበር መቀመጥ ይችላል። በ2003 በአሜሪካ በኬቨን ትሬሲ የሚመሩት ተመራማሪዎች በመከላከያ ሕዋሳት ላይ አልፋ 7 የተባለውን ወንበር አግኝተው፣ በእርሱ በኩል የሚመጣው ትእዛዝ የብግነቱን እሳት እንደሚያዳፍነው አስረዱ። ከዚህም በፊት በ2000 የታተመ አንድ የቤልጅግ ጥናት አጫሾች ኢንዶሜታሲን ሲወስዱ የትንሹ አንጀታቸው መላላት ከማያጨሱት ያነሰ ሆኖ እንደተገኘ ጽፎ ነበር።

ይህን የሚያነብ አጫሽ ሰው እፎይ እንዳይል እለምነዋለሁ። ደጅን ለጥቂት ሰዓት የሚያጠብቅ ነገር ሁሉ የቤቱ ወዳጅ አይደለም። ኒኮቲን ወደ ሰው የሚመጣው በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ንጥረ ነገሮችን በተሸከመ ጢስ ተጭኖ ነው፤ ጢሱ ሳንባን፣ ልብንና የደም ሥርን ያጠፋል፣ በትልቁ አንጀትም ካንሰርን ያበዛል። ማስታገሻና ትምባሆ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ደግሞ ጨጓራው ከሁለት ወገን ይመታል፤ አንዱ አናጺውን ያባርራል፣ ሁለተኛው ደሙን ያጎድልበታል። በአንጀቱ አንድ ክፍል ስለ ተገኘ ጥቂት ጥቅም ይህን ሁሉ መቀበል፣ ከበረኛው ደግነት የተነሣ ቤቱን ለእሳት መስጠት ይሆናል።

ወደ እኒያ እናት ልመለስ። ያን ቀን ከመንገዱ ዳር ተቀምጬ የማውቀውን ያህል ነገርኋቸው። ፓራሲታሞል ከዚህ ወገን አለመሆኑን፣ አንጀትን እንደ ዳይክሎፌናክ እንደማይነካ፣ ነገር ግን በቀን ከ4 ግራም፣ ማለት ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ኪኒን፣ ቢያልፍ ጉበትን እንደሚጎዳ፤ ሁለት የማስታገሻ ወገኖችን አንድ ላይ መዋጥ ጉዳትን እንደሚደራርብ፤ ለልብ ተብሎ በሐኪም የታዘዘ አስፕሪን የሚወስድ ጎረቤት ካላቸው ግን ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይተው፤ ለታመመ ሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ጾሙን እንደምታላላለትና የነፍስ አባታቸውን ሊጠይቁ እንደሚችሉ። ቅጽሩ በየ5 ቀኑ ራሱን እንደሚያንጽ፣ ኪኒኑን ቢተዉት ቀስ በቀስ እንደሚጠገን ስነግራቸው ፊታቸው ፈካ።

«እንግዲያስ እስከ ማርያም በዓል እተወዋለሁ» አሉኝ። ወሩ በገባ በ12 ቀኑ ነበርና ለ21 የቀረው 9 ቀን ነው፤ በልቤ ቆጠርሁት፣ ለቅጽሩ መጀመሪያ ይሆነዋል። ከዚያ ገመዱን በደረታቸው አጥብቀው፣ ወደፊት ዘንበል ብለው ሸክሙን ከክትሩ አነሡና፣ «ወገቤንስ ምን ላርገው?» ብለው ጠየቁኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል መውረድ ጀመሩ፤ በጉብታው ዞረው እስኪሰወሩ ድረስ ከባሕር ዛፉ ጭነት በቀር ምንም አይታየኝም ነበር።